ሸሚዙን ገልጣችሁ እዩ
(በሐዋሳ ለፊዚዮቴራፒና ለነርስ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ብዙ የሕመምተኛ ካርዶች አገላብጫለሁ። ወጣቱም ሽማግሌውም፣ የሳንባ ምች የያዘውም እግሩ የተሰበረውም በደቂቃ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከተማው ሁሉ ተማክሮ የሚተነፍስ ይመስላል። ነገሩ ግን ትንፋሹን ሳንቆጥር ስለምንጽፍ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንገቱን የሚያመው፣ ትከሻው የዛለ የባጃጅ ሾፌር መጣልኝ። እንደ ልማዴ የክንዱን ጉልበት ፈተሽኩ፣ ጣቶቹ ይደነዝዙት እንደሆነ ጠየቅሁ። በጀርባህ ተኛ ስለው ግን፣ «ዶክተር፣ ተጋድሜ አልችልም፤ ሦስት ትራስ ደርቤ ነው የማድረው» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ እሱን ለማረም ግን ጊዜ አልነበረኝም። ሸሚዙን ገልጬ አየሁ። አየር ሲስብ ደረቱ ይነሣል፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ላክሁት።

ድያፍራምን፣ ማለትም አየር ስንስብ ወደ ታች ወርዶ ሆዳችንን ወደ ውጭ የሚገፋውን ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚመነጨው ከ3ኛው፣ ከ4ኛውና ከ5ኛው የአንገት ነርቭ ነው። 5ኛው ትከሻ የሚያነሣውን ጡንቻም ያዝዛል። ስለዚህ ትከሻው የዛለ ሰው ስታዩ ትንፋሹን ሳታዩ አትሸኙት። እርግጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት 6ኛውና 7ኛው ስለሆኑ ድያፍራም ይተርፋል። ሆኖም ሕመም ራሱ አተነፋፈስን ሊያዛባ ይችላል፤ ሰውየው በደረቱ አናት መተንፈስ ይጀምራል፣ የአንገቱ ጎን ጡንቻዎችም የላይኞቹን የጎድን አጥንቶች ሲጎትቱ ይውላሉ። ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች የሚያልፉት ደግሞ በእነዚሁ ጡንቻዎች መካከል ነው።

ስትቆጥሩ ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠሩ። የ15 ሴኮንዱን በ4 ማባዛት ይቅርብን። የእጁን አንጓ ይዛችሁ የልብ ምት የምትቆጥሩ ምሰሉ፤ ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው እንደ ወትሮው አይተነፍስም። በዕረፍት ላይ ላለ አዋቂ ከ12 እስከ 20 ጤናማ ነው። ቀጥሎ አንድ እጃችሁን ደረቱ ላይ፣ ሌላውን ሆዱ ላይ አኑሩ፤ መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ከዚያ ተጋድሞ። በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት መቁጠር እንደሚችልም ጠይቁት። በሲዳምኛ ይሁን በአማርኛ ግድ የለም፤ በተጋደመ ጊዜ ቁጥሩ በጣም ካነሰ ግን ነገሩን አትናቁት።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 96 ስላለም አትዘናጉ። የመተንፈሻ ጡንቻ ድካም እዚያ ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው።

አሁን መጋረጃው ይሳብልን፤ ከእናንተ አንድ ፈቃደኛ አልጋው ላይ ይጋደምልን። ሰዓታችሁን አውጡ።