ከ422 በፊት

እንደምን አረፈዳችሁ! ስለ ናሙና አወሳሰድ አውራ ተብያለሁ፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።

የመመረቂያ ፕሮፖዛል የጻፈ ሁሉ 384ን ያውቃታል፤ “ስንት ሰው ልጠይቅ?” ለሚለው የምትሰጥ መልስ ናት። 50 በመቶ ምጣኔ፣ 95 በመቶ መተማመኛ፣ 5 በመቶ ስህተት ብላችሁ ቀመሩ ውስጥ ስትከቱ የምትወጣው እሷ ናት። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ስትጨምሩ 422 ትሆናለች። ወደ ላይ ለሚያጠጋጋ ደግሞ 423። ለዚህ ስሌት አንድ ገጽ ይሰጣል። ሰዎቹ እንዴት ይመረጣሉ ለሚለው ግን አንድ መስመር፦ “በሲስተማቲክ ራንደም ሳምፕሊንግ”፤ ማለትም መነሻውን በዕጣ አውጥቶ ከዚያ በእኩል ርቀት እየዘለሉ መምረጥ። በቃ።

እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ለማስተርሴ የደም ግፊት ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በአግባቡ ይወስዳሉ ወይ ብዬ ተነሳሁ። አንድ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ከ1 እስከ 3 ዕጣ አወጣሁ፤ 2 ደረሰኝ። ሁለተኛው፣ አምስተኛው፣ ስምንተኛው ሰው እያልኩ ቀጠልኩ። አንድም ተራ አልዘለልኩም። ውጤቱም ያምር ነበር፤ ሁሉም ማለት ይቻላል መድኃኒቱን ይወስዳል።

ዲፌንስ ላይ፣ ጥናቴን ለመምህራን ሳቀርብ፣ አንድ መምህር ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና “ያቋረጡትስ የት አሉ?” አሉኝ።

ቤታቸው ነዋ! መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ቀጠሮውን ጠብቆ አይመጣም። እኔ የምፈልገውን ሰው በር ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቀው ከርሜያለሁ። ማድረግ የነበረብኝ ካርድ ክፍል ገብቼ ክትትል የጀመሩትን ሁሉ ከመዝገብ መዘርዘር፣ ከዚያ ዕጣ ማውጣት፣ የቀሩትን በስልክ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማፈላለግ ነበር። አድካሚ ነው፤ ብርም ይበላል። አቅም ከሌላችሁ ርዕሳችሁን “ክትትል ላይ ያሉ” ብላችሁ አጥብቡት፤ ነውር የለውም።

ይህ የተማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አገራችን የኤችአይቪን ስርጭት ለዓመታት ስትገምት የኖረችው ቅድመ ወሊድ ክትትል ከሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ደም ተነስታ ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ዙር የተገኘው ግምት 3.5 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ሲመረምር ያገኘው 1.4 በመቶ ነው። ቫይረሱ አንድ፣ አገሩ አንድ። የተለየው ደም የተወሰደበት ደጃፍ ነው። ክሊኒኮቹ ወደ ከተማና ወደ መንገድ ዳር ያደላሉ። ቤት ለቤቱም ቢሆን ካምፕ ያለውን ወታደር፣ ጎዳና የሚያድረውን ሰው አያገኝም። በ2007 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ተገናዝበው 2.1 በመቶ የሚል አንድ ግምት ወጣ።

ሰዎችን ተበታትነው ሳይሆን ቀበሌ በቀበሌ፣ በቡድን (በክላስተር) የምትመርጡ ደግሞ አንድ ነገር ያዙልኝ። ጎረቤታሞች ይመሳሰላሉ፤ አንድ ውኃ ይጠጣሉ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለዚህ መመሳሰል ማካካሻ ናሙናው የሚባዛበት ቁጥር፣ ዲዛይን ኢፌክታችሁ፣ 2 ከሆነ 384ቷ 768 ትሆናለች፣ ያውም 10 በመቶው ሳይጨመር።

ከሻይ በኋላ ፕሮፖዛላችሁን አንድ በአንድ አያለሁ። 422ን እለፏት። መጀመሪያ የምጠይቃችሁ የሰዎቹን ዝርዝር ከየት እንደምታገኙት ነው።