የቆመ መኪና ስንት ይበላል?

[ምስል፦ አዳማ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። ወደ መተሐራ መውጫው ላይ የተደረደሩ ተሳቢዎች።]

ሰላም፣ እንደምን አደራችሁ? ከአዳማ ነኝ።

ይህን ሰልፍ እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ረዳቱ ጎማውን በብረት እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ሹፌሩ ሻይ ቤት ቁጭ ብሏል። ልጅ ሆኜ ይህን ሳይ “ሥራ ደርቷል” እል ነበር። አሁን ግን የቆመ ከባድ መኪና ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል። ለምን እንደሆነ ዛሬ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

ነጋዴው “የማጓጓዣ ዋጋ አልቻልነውም” ይላል። ባለንብረቱ ደግሞ “ከስሬያለሁ” ይላል። አንዱ የሚዋሽ ይመስላል አይደል? ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

[ምስል፦ ካርታ፤ ከአዳማ እስከ ጅቡቲ]

መንገዱን እንይ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ ወደብ ተዘጋብን። ከዚያ ወዲህ በመርከብ ከሚመጣልን ዕቃ አብዛኛው፣ ከአሥር ዘጠኙ እጅ ማለት ነው፣ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ከአዳማ ተነስቶ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ አድርጎ ድንበሩ ላይ ጋላፊ ይደርሳል። እስከ ወደቡ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብም ጎረቤታችን ነው። ለዚህ ነው አዳማ ላይ ጎማ ሻጩም፣ ጋራዡም፣ አልጋ ቤቱም፣ ሥጋ ቤቱም በሹፌር ኪስ የሚኖረው።

[ምስል፦ ነዳጅ ማደያ]

አሁን ወደ ናፍጣ። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት የጀመረው በ2014 መጨረሻ ነው። ያኔ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ገባ። ታኅሣሥ 2017 ሲያልቅ 99 ብር ገደማ ደርሷል። “የታለመ ድጎማ” የተባለው የታሰበው ለሕዝብ ማመላለሻ እንጂ ለጭነት መኪና አልነበረም።

ሂሳብ እንሥራ። አንድ ተሳቢ ባዶውን በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር፣ ተጭኖ 50 ሊትር ይበላል እንበል። ደርሶ መልስ 640 ሊትር ነው። በ49 ብር 31 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በ99 ብር 63 ሺህ አለፈ። ጭማሪው በአንድ ጉዞ 32 ሺህ ብር ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በዚህ ላይ ዶላሩ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ዘለለ። ጎማው፣ ፍሬን ሸራው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ፊልትሮው በዶላር ነው የሚመጣው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ደግሞ እስከ 22 ጎማ አለው። አንዱ ሲፈነዳ ሹፌሩ ምን እንደሚል እዚህ አልደግመውም።

[ምስል፦ ባዶ ተሳቢ ወደ አዋሽ ሲወርድ]

ሁሉም የሚያወራው እስከዚህ ድረስ ነው። እኔ ግን ትልቁ ቀዳዳ ሌላ ቦታ ነው እላለሁ።

አንደኛ፣ ባዶ ጉዞ። የምናስገባው ብዙና ከባድ ነው፦ ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ብረት። የምንልከው ቡና፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ በክብደት ያንሳል፤ አበባው እንዲያውም በአውሮፕላን ነው የሚሄደው። ስለዚህ ብዙ መኪና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባዶውን ነው። የመውረጃውን ናፍጣ የሚሸፍነው የመመለሻው ጭነት ነው።

ሁለተኛ፣ መቆም። ወደብ ላይ ተራ ይጠበቃል። ጋላፊ ላይ ሰነድ ይጠበቃል። በየኬላው ይቆማል፣ የኮቴ፣ ማለትም የማለፊያ፣ ክፈል ይባላል። ከዚያ ማራገፊያ ላይ ደግሞ ሌላ ወረፋ።

መቆም ምን ያህል ይጎዳል? የባንክ ዕዳው፣ ኢንሹራንሱና ደመወዙ በወር 200 ሺህ ብር ነው እንበል። ይህ ወጪ መኪናው ሄደ አልሄደ አይልም። በወር አራት ጊዜ የተመላለሰ መኪና በጉዞ 50 ሺህ ይደርሰዋል። ሁለቴ ብቻ ከተመላለሰ 100 ሺህ። ልዩነቱ 50 ሺህ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የናፍጣ ጭማሪ 32 ሺህ ነበር። እንግዲህ ባለንብረቱን አብዝቶ የሚበላው የትኛው ነው?

አጎቴ አንድ ተሳቢ አለው። አምና ስንዴ ጭኖ ማራገፊያ ደረሰና 9 ቀን ቆመ። መጋዘኑ ሞልቷል ተባለ። ሹፌሩ ውሎ አበል ይላል፣ ባንኩ ወሩ ደርሷል ይላል። “መኪና ገዝቼ የሰው መጋዘን ሆንኩ፣ ያውም ያለ ኪራይ” ሲል ሳቅንበት። እሱ አልሳቀም።

[ምስል፦ የማዳበሪያ ከረጢቶች]

ፖሊሲውም ቀላል አይደለም። የማዳበሪያ ሰሞን መኪኖች ቅድሚያ ለማዳበሪያ ይመደባሉ። በዚህ አልከራከርም፤ ክረምት ካመለጠ አይመለስም። ግን ያ ሁሉ መኪና በአንድ ጊዜ ሲወርድ ወደቡም ማራገፊያውም ይታነቃል። የሌላው ነጋዴ ዕቃ ደግሞ ይከርማል። መድኃኒቱ “ተጨማሪ መኪና እናስገባ” ነው ሲባል እሰማለሁ። ማራገፊያው ካልፈጠነ አዲሱ መኪና የሚያስረዝመው ሰልፉን ነው።

ባቡሩስ? በ2010 ሥራ ጀምሯል፣ በእኛው ከተማም ያልፋል። ኮንቴይነር ላይ ጥሩ ነው። ብዙ ባለንብረት በጎሪጥ ያየዋል። እኔ ግን ረጅሙን መንገድ ባቡሩ ወስዶ፣ ከሞጆ ወደየከተማው ያለውን መኪናው ቢመላለስበት ደስ ይለኛል። አጭር መንገድ ላይ ጎማም ይተርፋል፣ ሹፌሩም ቤቱ ያድራል። መንገድ ላይ የታገቱ ሹፌሮችን ወሬ የሰማ ቤተሰብ፣ ቤት ማደር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እስከዚያው ግን ርካሽ መፍትሔ አለ፦ የቆይታ ክፍያ። ሁለት ቀን አለፈ? ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ያቆመው ይክፈል። ያኔ መጋዘኑም ቦታ ይገኝለታል።

አጎቴን ውልህ ላይ ይህ ተጽፏል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ወረቀቱን ከጋቢናው አውጥቶ ሰጠኝ። ዕቃው ቢዘገይ እሱ በቀን ስንት እንደሚቀጣ ተጽፏል። ማራገፊያው ቢዘገይ ማን እንደሚከፍል ግን አንድ መስመር የለም። ምናልባት ከጀርባው ይሆናል ብዬ ገለበጥኩት።

ባዶ ነው።