በጠራራ ፀሐይ ካሜራ ይዞ መውጣት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፤ እንደልቤ አወራለሁ።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስትወርዱ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብላችሁ ኮረብታ ለኮረብታ በእግር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ያውም በግንቦት? ፎቶ የሚያነሱ ጓደኞቼ «አብደሃል እንዴ፣ በቀትር ምን ይነሳል፣ ጠዋትና ማታ ጠብቅ» ይሉኛል። የጠዋት ብርሃን ማን ይጠላል። ግን እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ወጥታ ቀጥ ብላ ነው የምትጠልቀው፤ ያ ለስላሳ ብርሃን ካሜራ ከቦርሳ እስኪወጣ ያልቃል። የቀረው ቀንስ? ሰው ገበያ የሚሄደው፣ ፍየል የሚያግደው፣ እንጨት የሚሸከመው በዚያ በተናቀው ሰዓት ነው እኮ።

ሙቀቱ ግን ቀልድ አያውቅም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በጃኬት ትወጣላችሁ። ባቲ ወደ 1,500 ሜትር ትወርዳለች፣ በዚህ ልዩነት ብቻ 6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ሃይላንድ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ውሃው ሻይ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ረጅም ሌንስ ለመሸከም አትልፉ። ወደ አፋር በኩል ያለውን ቆላ ከሩቅ ላንሳ ካላችሁ፣ ከጋለው መሬት የሚነሳው አየር ምስሉን ያርገበግበዋል፣ ጠርዙ ሁሉ ይሟሟል። ሌንሱ የፈለገ ውድ ቢሆን ለውጥ የለውም፣ ጣጣው መሃል ያለው አየር ነው። ቀረብ ማለት ነው መፍትሔው።

ቀረብ ስትሉ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። በግንቦት ቀትር ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ሰሜን አልፋ፤ ጥላችሁ አጥሮ ወደ ደቡብ እግራችሁ ስር ይወድቃል። የሰው ዓይን ጨለማ ጉድጓድ ይሆናል። እኔ የምለው ግራር ፈልጉ። ሰውየው ጥላው ዳር ሲቀመጥ፣ ፊት ለፊቱ ያለው የነጣ አፈር ብርሃኑን ከታች ወደ ፊቱ ይመልሰዋል፣ መብራት ከፍላችሁ የማታገኙት ብርሃን ነው። የካሜራውን የብርሃን ልክ በሰውየው ፊት ላይ አስተካክሉ፣ ከኋላ ያለው ቢነጣ ይንጣ።

እንዲህ ባለ ግራር ስር አንድ ሽርጥ ያገለደሙ አባት አገኘሁ፣ ፍየል እየጠበቁ። «በዚህ ሐሩር ምን ጥሎህ ነው ልጄ? አብሽር፣ አረፍ በል» አሉኝ። አረፍኩ። ትንሽ ተጨዋወትንና «አባቴ፣ ላንሳዎት?» አልኳቸው፤ ሳትጠይቁ አታንሱ፣ በቃ። ፈቀዱ። ያ ፎቶ እንዴት እንደወጣ ብነግራችሁ፣ የግንባራቸው መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ኮራ ብዬ አሳየኋቸው።

አየት አደረጉና «ፍየሎቼስ?» አሉ።

እሺ፣ ፍየሎቹንም አነሳሁ። ካሜራውን ተቀብለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፣ ደገሙት፣ ከዚያ «አንዷ የለችም» ብለው ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።