ግብሩን እኩል እንከፍላለን፤ ድምፃችንስ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን ለዚህ ዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም አደረሳችሁ። የማኅበራችን ኮሚቴ የምንኖርበት የከርክሊዝ ቦሮ፣ ማለትም ይህ በሰሜን እንግሊዝ ያለው የአካባቢ አስተዳደር፣ እንዴት እንደሚተዳደር እንዳስረዳ ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ተቀብያለሁ። የማውቀውን እናገራለሁ፤ ነገር ግን ለዓመታት ልቤ ውስጥ ሲመላለስ የኖረ አንድ ጉዳይ ስላለ፣ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

አብዛኞቻችን የምንኖረው ሀደርስፊልድ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከዲውስበሪና ከባትሊ መጥታችኋል። ከርክሊዝ የሚባል ከተማ ግን የለም። ቦሮው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1974 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለየብቻቸው ይተዳደሩ የነበሩ 11 አስተዳደሮች ተዋሕደው ነው። ከትልልቆቹ ሀደርስፊልድና ዲውስበሪ፣ ከትንንሾቹ ደግሞ ሆልምፈርዝ፣ ሜልተምና ሚርፊልድ ይገኙበታል። ለአዲሱ ቦሮ የማንኛቸውም ስም አልተወሰደም፤ ሮቢን ሁድ ተቀብሮበታል እየተባለ ከሚተረክለት ከጥንቱ የከርክሊዝ የሴቶች ገዳም ተሰየመ። የሚገርመው፣ የገዳሙ ርስት አብዛኛው ክፍል ዛሬ የሚገኘው በጎረቤታችን በካልደርዴል ወሰን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ ከ430 ሺህ በላይ ሕዝብ የተቆጠረበት ይህ ቦሮ፣ በሱፍ ፋብሪካዎቹ ዘመን ከፓኪስታን፣ ከሕንድና ከካሪቢያን ደሴቶች በመጡ ሠራተኞች ጉልበት ጭምር የቆመ አገር ነው።

አሁን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ለንደን ገብተን ጥገኝነት ከጠየቅን በኋላ በአውቶቡስ ተጭነን ወደ ሰሜን የተላክን ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ነን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኖርኩበት ሰፈር ዳገት ላይ ስለነበር፣ ከአውቶቡስ መውረጃው ወደ ቤታችን የምንወጣው በድንጋይ ደረጃ ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል የደረጃው መብራት ጠፋ። ሌሊት ቢሮ ስታጸዳ የምታድር አንዲት እህታችን፣ ደረጃው በረዶ በያዘበት ንጋት የስልኳን መብራት አብርታ በጥርሷ ነክሳ፣ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጇ ጨብጣ ትወጣ ነበር። እኛስ ምን አደረግን? በየቡናው ተማረርን። "ለስደተኛ ሰፈር ማን ይጨነቃል" እያልን ያንን ክረምት እስከ አጋማሹ ገፋነው። መብራቱ መጥፋቱን ግን ለሚመለከተው አካል የነገረ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ በፋብሪካ ሠራተኝነት ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንድ ፓኪስታናዊ ጎረቤቴ፣ "ለመሆኑ ለማን ነገራችሁ?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይዘውኝ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዱ። የዋርዳችን፣ ማለትም የምርጫ ቀጣናችን፣ ካውንስለር ወይም የምክር ቤት ተመራጭ ከአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ፣ ነዋሪውን በየተራ ያነጋግር ነበር። ሽማግሌው ከኪሳቸው ቁራጭ ወረቀት አውጥተው የመብራቱን ምሰሶ ቁጥር አነበቡለት። እኔ በየቀኑ አጠገቡ ሳልፍ ምሰሶው ላይ ቁጥር መለጠፉን እንኳ አላየሁም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ደረጃው በራ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ "እኔ ከመጣሁበት ዓመት ጀምሮ ድምፅ እሰጣለሁ፤ ስለዚህ ማንን እንደምጠይቅ አውቃለሁ" አሉኝ።

አስተዳደሩ እንግዲህ እንዲህ ነው። ቦሮው በ23 ዋርዶች ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ዋርድ ሦስት፣ በድምሩ 69 ካውንስለሮች አሉት። የካውንስሉን፣ ማለትም የቦሮውን ምክር ቤት፣ መሪ የሚመርጡት እነሱ ናቸው። የወርቅ ሐብል አጥልቀው የምታዩዋቸው የከርክሊዝ ከንቲባ የክብር ሹመት ያላቸው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጡት ትሬሲ ብራቢን ግን ከርክሊዝን ጨምሮ የአምስት ቦሮዎች፣ ማለትም የመላው ዌስት ዮርክሻየር ከንቲባ ናቸው። ስለ አውቶቡስና ስለ ፖሊስ ጥያቄ ካላችሁ ወደ እሳቸው፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ መንገድ መብራት፣ ስለ ቤትና ለአረጋውያን ስለሚደረግ እንክብካቤ ከሆነ ወደ ካውንስሉ ነው።

የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ለአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ለብሪታንያና ለአየርላንድ ዜጎች፣ ሁኔታውን ለሚያሟሉ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችና በሕጋዊ መንገድ ለሚኖሩ የኮመንዌልዝ፣ ማለትም በአብዛኛው የእንግሊዝ ቅኝ የነበሩ አገሮች ኅብረት፣ አባል አገሮች ዜጎች ነው። ከኬንያ ወይም ከጋና የመጣ ጎረቤታችን የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ይመዘገባል። ሩዋንዳ የእንግሊዝ ቅኝ ሆና የማታውቅ አገር ብትሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ኮመንዌልዝን ስለተቀላቀለች ዜጋዋ ይመርጣል። ኢትዮጵያዊው ግን ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ አይመርጥም። ይህ ብቻ አይደለም። ስኮትላንድና ዌልስ ሕጋቸውን ቀይረው በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር የውጭ ዜጋ ሁሉ የአካባቢ ምርጫ ከፍተውለታል። ግላስጎው ያለው ወንድሜ የካውንስል አባላቱን ሲመርጥ፣ እኔ ሀደርስፊልድ ውስጥ ካውንስል ታክስ የሚባለውን የአካባቢ ግብር እየከፈልኩ አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ድምፅ አልሰጠሁም! የአድዋ ልጅ በመሆኔ የምኮራውን ያህል፣ ቅኝ ባለመገዛታችን ከመራጮች መዝገብ ውጪ መቅረታችንን ፍትሕ ነው ብዬ አልቀበልም። ይህን ለፓርላማ እንደራሴዎቻችን በጽሑፍ ማቅረብ አለብን።

ነገር ግን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከመካከላችን ዜግነት አግኝተን፣ ቃለ መሐላ ፈጽመን፣ ፎቶግራፋችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ እስከ ዛሬ ያልተመዘገብን ስንት ነን? አገር ቤት ያለውን የወረዳችንን አስተዳዳሪ ስምና አመል እናውቃለን። ሲሾም እንሰማለን፣ ሲሻር ሌሊት ተደዋውለን እንከራከራለን። የራሳችንን ዋርድ ሦስት ካውንስለሮች ስም ጥሩ ብላችሁ ብጠይቃችሁ ግን ስንት እጅ ይነሣል? ሕጉ የከለከለን ጊዜ ሕጉን እንውቀስ። ሕጉ ከፈቀደልን በኋላ ቤታችን ስንቀመጥ የምንወቅሰው ማንን ነው?

ሌላው አጭር ነው። ድምፅ ለመስጠት ስትሄዱ ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው የመራጭ መታወቂያ በነጻ ያወጣል። ምዝገባው ከምርጫው ቀን 12 የሥራ ቀናት በፊት ይዘጋል። በኢንተርኔት ለመመዝገብ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራችሁን መያዝ በቂ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል።

እኔ ከዚህ ስወርድ ከቡናው ረከቦት አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሬን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ዜግነት ያላችሁ ሁሉ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ኑ፤ አብረን እንሙላ። አመሰግናለሁ።