ሁለተኛ የወጣው ልጅ
(በደሴ፣ በወጣት ሠዓሊያን ዐውደ ርእይ መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አመሻችሁ?

ልጆቹ «ጋሼ፣ አስር ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። እኔ የሥዕል መምህር ነኝ፤ አስር ደቂቃ ስም ጠርቼ ለመጨረስም አይበቃኝም። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ብርዱን አውቃለሁ። ጦሳ ዛሬም ጉሙን ለቆብናል። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ የመጣችሁት ደግሞ በስስ ሸሚዝ ናችሁ። አብሽሩ፤ ቡናው እየተቆላ ነው።

ስለ ሽልማት ተናገር ተብያለሁ። ከእነዚህ ሥዕሎች መካከል አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት ይሸለማል። ምን እንደሚሸለም መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ዋንጫ ግን አይደለም።

መጀመሪያ የራሴን ላውራና ይውጣልኝ።

ተማሪ ሳለሁ የወጣቶች የሥዕል ውድድር ወጣ ተባለ። ሸራ የት ይገኛል? አቡጀዲ ገዛሁ፤ ኮላ ቀባሁት፤ በሳጥን እንጨት ወጠርኩት። ሰኞ ገበያን ሣልኩ። ዝናብ ላይ ጌሾ የምትሸጥ ሴትዮ ናት፤ አረንጓዴ ጃንጥላ ይዛለች። ለዚያ አረንጓዴ ሦስት ቀን ፈጅቻለሁ። ሥዕሉን ተሸክሜ ወስጄ አስረከብኩ። ከብዙ ወር በኋላ የምስክር ወረቀት መጣልኝ። የአባቴ ስም ተሳስቷል። ሥዕሉ አልተመለሰም። ጠየቅኩ፤ «ይፈለጋል» ተባልኩ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ለሌላ ጉዳይ እዚያው ቢሮ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ጨርቅ የተወጠረበት ነው፤ ወረቀት በስፒል ተሰክቶበታል። ወረፋ ስጠብቅ ዓይኔ ጠርዙ ላይ አረፈ። አረንጓዴ። የኔ አረንጓዴ! ሥዕሉን ገልብጠው፣ ጀርባውን ወደ ፊት አድርገው ሰቅለውታል። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ጀርባዋ ላይ የጨረታ ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ምንም አልተናገርኩም። ጉዳዬን ጨርሼ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም፤ የዛሬዎቹ ሠራተኞች የሚያውቁት ነገር የለም። ግን ከዚያ ወዲህ ሽልማት በተባለ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ልጁ እጅ ላይ ምን ቀረ?

ይኼን ጥያቄ ይዤ ብዙ አነበብኩ። መንግሥታት ለወጣት ሠዓሊ ከሰጧቸው ሽልማቶች ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ የፈረንሳዩ ነው። የሮም ሽልማት ይባላል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ። በ1663፣ በሉዊ 14ኛ ዘመን ተጀመረ። ያኔ እኛ ጋ ጎንደር ላይ አፄ ፋሲል ነበሩ። መጀመሪያ የሠዓሊና የቀራጭ ብቻ ነበር። በ1720 የሕንፃ ንድፍ፣ በ1803 ሙዚቃ ተጨመረበት።

ፉክክሩ ቀልድ አልነበረም። ተወዳዳሪው ከ30 ዓመት ያልበለጠ፣ ያላገባ መሆን አለበት። መጨረሻው ዙር ላይ የደረሱት ለየብቻ ጠባብ ክፍል ይሰጣቸዋል። የተሰጣቸውን ርእስ እዚያው ውስጥ ከሁለት ወር በላይ ይሥሉታል። አስተማሪ ሹልክ ብሎ ገብቶ «እስቲ እጁን ትንሽ ላስተካክልልህ» እንዳይል ነው።

ያሸነፈስ? ሮም ይሄዳል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት መንግሥት ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፤ እሱ ይሠራል። ከ1803 ጀምሮ የሚያርፉት ቪላ ሜዲቺ የሚባል ትልቅ ግቢ ውስጥ ነው። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሳነብ ቀናሁ። አምስት ዓመት የቤት ኪራይ ሳታስብ መሣል!

ነገሩ ሁሉ ያማረ ግን አልነበረም። አንግር የሚባል ታላቅ ሠዓሊ አላቸው። በ1801 አሸነፈ። መንግሥት ካዝናው ባዶ ነበርና ሮም የሄደው በ1806 ነው። «በጀት አልተለቀቀም» የሚባለው ነገር የኛ ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። ዳቪድ የሚባለው ደግሞ ደጋግሞ ወደቀ። በ1772 ሲወድቅ ክፍሉን ዘግቶ፣ እህል አልቀምስም ብሎ ራሱን ሊገድል ነበር ይባላል። በ1774 አሸነፈ። ይኼን የነገርኳችሁ እንድትኮርጁት አይደለም። ብትወድቁም ብሉ።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የሙዚቃው ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሞሪስ ራቬል አምስት ጊዜ ሞከረ። የመጨረሻው በ1905 ነበር፤ 30 ዓመት ሞልቶት ከዚያ በኋላ ዕድል የለውም። በዚያን ጊዜ ራቬል ፓሪስ ውስጥ ስሙ የታወቀ ሰው ነው። በመጀመሪያው ዙር ጣሉት። አገር ተንጫጫ። ጋዜጦች ገብተው ሲያጣሩ፣ ለመጨረሻው ዙር ያለፉት በሙሉ የአንድ አስተማሪ ተማሪዎች ሆነው ተገኙ። አስተማሪውስ? ዳኞቹ መካከል ተቀምጧል። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቦታውን ለቀቀ፤ በሱ ፋንታ የራቬል አስተማሪ የነበረው ፎሬ ተሾመ። ራቬል ሽልማቱን ሳያገኝ ቀረ። እናንተ ግን ከዚያ ዓመት አሸናፊዎች አንዱን ስም ጥሩልኝ እስቲ። በሥዕልም እንዲሁ ነው። ስመ ጥሮቹ ሠዓሊዎች ደላክሯ፣ ማኔ፣ ደጋ አላገኙትም።

ሴቶች እንዲወዳደሩ የተፈቀደው በ1903 ነው። ከተጀመረ 240 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። በሩ በተከፈተ በአስረኛው ዓመት ሊሊ ቡላንዠ የምትባል የ19 ዓመት ልጅ በሙዚቃ አንደኛ ወጣች። እዚህ ግድግዳ ላይ ካሉት ግማሽ ያህሉ የሴቶች ልጆቻችን ሥራ ነው፤ እሰየው።

በ1968 ፓሪስ በተማሪዎች ዐመፅ ስትታመስ፣ የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ውድድሩን አስቀረው። ልብ በሉ፤ የቀረው ውድድሩ ነው። ሮም ያለው ቤት ዛሬም ክፍት ነው። ሠዓሊው፣ ጸሐፊው፣ ሙዚቀኛው ሥራውን አሳይቶ፣ ተመርጦ ይገባና ይሠራል። ፈረንሳዊ መሆንም ግድ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ኢዮቤልዩ ሲከበር፣ አገር አቀፍ የሥዕል ውድድር ተደርጎ ነበር። አንድ ሃያ ዓመት ያልሞላው የአዲስ አበባ ልጅ ተወዳደረ። እስክንድር ቦጎስያን ይባላል። ሁለተኛ ወጣ። ሁለተኛ ነው ያልኳችሁ። ግን ወረቀት ሰጥተው አላሰናበቱትም። ለትምህርት ለንደን ላኩት። ከለንደን ፓሪስ ተሻገረ። እዚያ ከሌሎች አፍሪካውያንና ጥቁር አሜሪካውያን ጋር እየዋለ፣ እየተከራከረ፣ ጥቂት ዓመት ሳይሆን አስር ዓመት ገደማ አውሮፓ ኖረ። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥዕሉን ገዝቶ አኖረ። በ1966 አገሩ ገባ፤ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ያስተማረው እስከ 1969 ብቻ ነው። ሦስት ዓመት። ያቺ ሦስት ዓመት ግን ስንት ልጅ አነካክታለች!

ያ ትምህርት ቤት ራሱ ያኔ ጨቅላ ነው። በኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. የከፈቱት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው፤ ከቺካጎ ተምረው መጥተው። ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ተቋቋመ። ሥነ ጽሑፍ፣ የኢትዮጵያ ጥናት፣ በጎ አድራጎት ሁሉ ይሸለምበት ነበር። በሥነ ጥበብ መጀመሪያ የተሸለመው አፈወርቅ ተክሌ ነው፣ በ1964። የአንኮበር ልጅ። እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና ሊማር ነበር፤ ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ። በ1965 ገብረ ክርስቶስ ደስታ። በ1966 በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በ29 ዓመቱ። በ1967 እስክንድር።

የእነዚህን ሰዎች ዕድሜ ተመልከቱ። ሁሉም ሠላሳ አካባቢ ናቸው። ሽልማቱ የወጣቶች ነው አልተባለም። ሸላሚዎቹ ግን ሠዓሊው እስኪሸብት አልጠበቁም። እኛ አሁን ብዙ ጊዜ ሰው የምንሸልመው ወይ ሲታመም ነው፣ ወይ ቀብሩ ላይ ነው። ጋቢ እንደርብለታለን፤ ፎቶ እንነሳለን፤ እንሄዳለን። ጋቢ ጠላሁ እንዳትሉኝ፤ የዛሬ ብርድ ላይ ማን ይጠላል? ግን ጋቢ ቀለም አይገዛም።

አብዮቱ በኛ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ ሽልማቱም አብሮ ቀረ። በደርግ ዘመን ነገሩ ወደ ኪነት ቡድን ዞረ። ይኼን ለናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ከመካከላችሁ ላሊበላ ኪነትን እዚሁ ደሴ በዓይኑ ያየ አለ። ማሪቱ ለገሠ የወጣችው ከዚያ ነው። አምባሰል ስትል እኔ አሁንም ጸጉሬ ይቆማል። ለዘፋኙ መድረክ ነበረው። ለሠዓሊው ግን ከመፈክር ጽሕፈት የዘለለ ብዙም አልነበረም።

ገብረ ክርስቶስ ተሰደደ። በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ፤ «ሀገሬ» ብሎ የጻፈው ሰው አገሩ አልተቀበረም። ከመሰደዱ በፊት ግን ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ታደሰ መስፍን ነው። ወልድያ የተወለደ፣ የኛው የወሎ ልጅ። እሱም በተራው ሌኒንግራድ ተምሮ ተመለሰ፤ እዚያው ትምህርት ቤት ለአሥርት ዓመታት አስተማረ። ገበያ ላይ ቆመው የሚሸጡ ሴቶችን ሲሥላቸው አይታችኋል? እንደ ሐውልት ነው የሚያቆማቸው። እኔ ጌሾ ሻጯን ሳስብ በሱ ሥዕሎች እጽናናለሁ።

እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱት። ለአንድ ሁለተኛ ለወጣ ልጅ የተከፈለ የትምህርት ወጪ፣ አውሮፓ ያሳለፋቸው ዓመታት፣ ተመልሶ ክፍል ውስጥ ገባ። ገብረ ክርስቶስም ጀርመን፣ ኮሎኝ የተማረውን ይዞ ክፍል ውስጥ ገባ። ከክፍሉ ደግሞ ወልድያ፣ ደሴ፣ ሐይቅ ደረሰ። እኔን ያስተማረኝ መምህር ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ካሉት ልጆች አብዛኞቹን «እርሳሱን እንደ ማንኪያ አትያዙት» እያልኩ ስጨቀጭቅ ኖሬያለሁ።

እሺ፣ አሁን ስለ ሽልማታችን።

ሮም የለንም። ለንደን የሚልክም የለንም። ሙዚየማችን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ፤ ዛሬ አላነሳውም። ያለን አንድ ክፍል ነው። ሆጤ አካባቢ፣ የእህል መጋዘን የነበረ። ባለቤቷ እዚህ ተቀምጣለች፤ ስሜን እንዳትጠራ ብላኛለችና አልጠራም። እትዬ፣ አላህ ያክብርሽ፣ እግዜር ይስጥሽ። ክፍሉ ሦስት በአራት ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ብርሃን ይገባዋል። ውሃ የለውም፤ ጀሪካን ትሸከማላችሁ። አይጥ ነበረ፤ አሁን ድመት አለ። የተመረጠው ልጅ፣ ወይም የተመረጠችው፣ ለአንድ ዓመት ቁልፉን ትወስዳለች። ኪራይ የለም። «ስንት ሣልሽ?» የሚል ሪፖርትም የለም። ዓመቱ ሲያልቅ ቁልፉ ለሌላ ይሄዳል።

ሁለተኛ ለሚወጣውም አስበናል። መምህራን አዋጥተን ቀለምና ሸራ ገዝተናል፤ እሱ የሁለተኛው ነው። እኛ የአይጠየፍ አገር ልጆች ነን። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ስሙ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ሁለተኛ የወጣ አይጠየፍም።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። ሦስቱም ከእነዚህ ልጆች አንዱንም አስተምረው አያውቁም። እኔ አብዛኞቹን ስላስተማርኩ ከዳኝነቱ ወጥቻለሁ። ትናንት አንድ አባት መንገድ ላይ አስቁመው «ጋሼ፣ ልጄን አደራ» አሉኝ። ራቬልን ነገርኳቸው። ማነው እሱ አሉኝ። ረጅም ታሪክ ነው፣ ነገ ይምጡና ይስሙ አልኳቸው። መጥተዋል፤ እዚያ ጥግ ላይ እየሳቁ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ መዝገብ አለ። ሥዕል ያመጣችሁ ልጆች ዛሬ ሳትወጡ ስማችሁን ጻፉ። የአባታችሁን ስም ራሳችሁ ጻፉት፤ እኛ አንጽፍላችሁም። ዐውደ ርእዩ ሲያልቅ ሥዕላችሁን ተቀብላችሁ እዚያው ትፈርማላችሁ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ካስፈለገን አናጢ እንጠራለን።