መብት የሹም ችሮታ አይደለም፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ከቨርጂኒያ፣ ከሜሪላንድና ከዋሽንግተን ዲሲ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም እንኳን ደህና መጣችሁ እላለሁ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዓመቱን የሥራ ክንውንና የሒሳብ መግለጫ ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን ስለሚያቀርቡ እኔ ወደዚያ አልገባም። የምናገረው ይህ ማኅበር ስለቆመለት ነገር ነው። ሰው ራሱንና ቤተሰቡን የሚከላከልበት መሣሪያ የመያዝ መብቱ በአንድ ሹም ምዘና ላይ ሲንጠለጠል፣ መብቱን አስቀድሞ የሚያጣው ሀብታሙ ወይም በየቢሮው ዘመድ ያለው ሰው አይደለም። የሚያጣው ስደተኛው ነው፤ ጥቁሩ ነው፤ እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ባለሱቅ ነው፤ ሌሊት የሚሠራው ሾፌር ነው። ወግ አጥባቂ ነኝ ስል ከሁሉ አስቀድሜ ማለቴ ይህን ነው፤ ሹሙ በሕግ ይገዛ እንጂ ዜጋው በሹሙ በጎ ፈቃድ አይኑር።

ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እዚህ ከተቀመጡት አባቶች መካከል በ1977 በአዲስ አበባ በየቀበሌው የተካሄደውን የቤት ለቤት አሰሳ የሚያስታውሱ አሉ። ያኔ አንዱን የሚያስታጥቀውና ሌላውን ትጥቅ የሚያስፈታው የቀበሌ ሰው ውሳኔ ነበር፤ የተወሰነበት ሰው አቤት የሚልበት ፍርድ ቤትም አልነበረውም። የዛሬዋን የአገራችንን ጉዳይ በዚህ መድረክ አላነሣም፤ ማኅበራችን የተቋቋመው ለምንኖርበት አገር ሕግ ነውና። ነገር ግን ያንን ዘመን ያየ ሰው፣ መብትና የሹም ፈቃድ የተለያዩ መሆናቸውን ሌላ አስተማሪ እንደማይፈልግ ለመናገር እወዳለሁ።

የዚህ አገር ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። መሣሪያ የመያዝ መብትን የሚጠብቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1791 ጸደቀ፤ ይሁን እንጂ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ነጻ የወጡትን ጥቁሮች ትጥቅ የሚያስፈቱ ሕጎች ደነገጉ። በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ከመጣባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር። በ1911 ኒውዮርክ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ የሚያስፈልግበትን ሕግ ስታወጣ፣ በሕጉ መጀመሪያ ከተቀጡት ሰዎች አንዱ ጣሊያናዊ ስደተኛ ነበር። በ1956 በአላባማ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ፤ ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው በውስጡ ነበሩ። ዶክተር ኪንግ ከዚያ በኋላ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ቢጠይቁ የአካባቢው ባለሥልጣናት ከለከሏቸው። ልብ በሉ፤ ቤቱ በቦምብ የተመታበት ሰው ፈቃድ ከተከለከለ፣ በዚህ መመዘኛ ማን ሊያልፍ ይችላል? የኪንግ ታላቅነት ወደ ሰላማዊ ትግል በመሄዳቸው ነው፤ የፈቃድ ሰጪው በደል ግን በዚያ አይሰረዝም።

በየዓመቱ ስሙን የምናነሣው የቺካጎው ኦቲስ ማክዶናልድ ደግሞ በሥራ ያረጀ፣ ሰፈሩን ወንጀለኞች የወረሩበት ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ቺካጎ በቤቱ ሽጉጥ እንዳያስቀምጥ ስለከለከለችው ከሰሳት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2010 በ5 ለ4 ድምፅ መብቱ ክፍለ ግዛቶችንና ከተሞችንም እንደሚያስገድድ ወሰነ። መንገዱን የጠረገው ከሁለት ዓመት በፊት ውሳኔ ያገኘ፣ እዚሁ በዲሲ የተጀመረ ጉዳይ ነበር። ዲክ ሄለር የጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ የመንግሥት ሕንፃ ሲጠብቅ ሽጉጥ ይታጠቃል፣ ቤቱ ሲገባ ግን ዲሲ በ1976 ባወጣችው እገዳ ምክንያት ሽጉጥ ሊኖረው አይችልም። በ2008 ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ የጻፉት ውሳኔ ይህን እገዳ ሻረው። እኚሁ ዳኛ በዚያው ውሳኔ መብቱ ገደብ የለሽ እንዳልሆነ፣ በከባድ ወንጀል የተፈረደበትን ሰው መከልከልና በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሕንፃ መሣሪያ መከልከል እንደሚቻል ጽፈዋል። ማኅበራችን ሁለቱንም ክፍል ይቀበላል፤ አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው የሄለርን ውሳኔ አላነበበም።

በ2022 ደግሞ የኒውዮርኩ ሕግ ራሱ ለፍርድ ቀረበ። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በ6 ለ3 በጻፉት ውሳኔ፣ አንድ ዜጋ ልዩ ችግር እንዳለበት ለመንግሥት ሹም ካላስረዳ የማይሠራበት ሌላ ሕገ መንግሥታዊ መብት አናውቅም አሉ። ከዚህ ውሳኔ በፊት በሜሪላንድ የምትኖሩ አባላት «በቂና ጠንካራ ምክንያት» ማቅረብ ነበረባችሁ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የዕለት ገቢውን ይዞ በእኩለ ሌሊት ወደ መኪናው የሚሄድ ነጋዴ ፍርሃቱን በማስረጃ ማስረዳት ነበረበት። ውሳኔው በተሰጠ በሁለት ሳምንት ውስጥ አገረ ገዥ ላሪ ሆጋን የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ይህን መጠይቅ እንዲያቆም አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «ለምን ፈለግህ?» ሳይሆን «ሕጉ የሚጠይቀውን አሟልተሃል?» የሚል ሆኗል። ለስደተኛ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፤ ሕጉ ያስቀመጠው መስፈርት ለሁሉም አንድ ነው፣ የሹሙ አስተያየት ግን እንደ አመልካቹ ፊትና አነጋገር ይለያያል።

ሁሉም ነገር ተሳክቷል ማለቴ አይደለም። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለመግዛት ብቻ አሻራ፣ የአራት ሰዓት ሥልጠናና እስከ 30 ቀን የሚደርስ የመጠበቂያ ጊዜ ትጠይቃለች፤ ይዞ ለመንቀሳቀስ ደግሞ የ16 ሰዓት ሥልጠና አለ። የግዢ ፈቃዱን ሕግ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 አጽንቶታል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አልተቀበለም። በሰኔ 2025ም ሜሪላንድ በአንዳንድ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ላይ የጣለችውን እገዳ ለማየት ፈቃደኛ ሳይሆን ቀርቷል፤ ዳኛ ካቫና ግን ጥያቄው በቅርቡ መልስ ማግኘት እንዳለበት ጽፈዋል። እኔ ሥልጠናን አልቃወምም። የምቃወመው ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው መብቱ ገንዘብና ትርፍ ጊዜ ላላቸው ብቻ እንዲሆን የሚያደርገውን የወጪና የቀጠሮ ክምችት ነው።

አባሎቻችንን በተግባር የሚያስቸግረው ትልቁ ነገር ግን ድልድዮቹ ናቸው። ብዙዎቻችን አሌክሳንድሪያ አድረን፣ ዲሲ ሠርተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ እንጠይቃለን። በአንድ ቀን በሦስት ሕግ ሥር እናልፋለን ማለት ነው። ዲሲም ሆነች ሜሪላንድ የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። በአርሊንግተን ሕጋዊ የነበረው ሰው የአሥራ አራተኛውን ጎዳና ድልድይ ሲሻገር በዲሲ ሕግ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ፈጻሚ ሊሆን ይችላል። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ተጓዡን የሚጠብቀው በመነሻውም በመድረሻውም መሣሪያውን በሕግ መያዝ ሲችል፣ መሣሪያው ጥይት ሳይጎርስ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ የተለየ የዕቃ ማስቀመጫ በሌለው መኪና ደግሞ በተቆለፈ ሣጥን መሆን አለበት፣ የመኪናው ኪስም አይበቃም። ሾፌሮቻችን በተጨማሪ ኡበርና ሊፍት በሥራ ላይ መሣሪያ እንደሚከለክሉ አስታውሱ። አንዱ ክፍለ ግዛት የሌላውን ፈቃድ እንዲያከብር የሚያደርግ ረቂቅ በታኅሣሥ 2017 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ በሴኔት ቀረ። አንዳንድ ወግ አጥባቂ ወዳጆቻችን ይህ የክፍለ ግዛቶችን ሥልጣን ይነካል ይላሉ፤ ክርክራቸውን አከብራለሁ፣ ግን አልስማማም። አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ከመነሻው የመጣው ክፍለ ግዛት የዜጋን መብት እንዳይነጥቅ ነው።

እዚህ ላይ ዜግነት ላልወሰዱ አባላትና ቤተሰቦቻቸው ግልጽ ቃል መናገር ግዴታዬ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም፤ ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰውም አይችልም። የመሣሪያ ሱቁ በሚሰጣችሁ የግዢ ቅጽ፣ በቅጽ 4473 ላይ ሐሰት መጻፍ ከባድ ወንጀል ነው፤ መግዛት ለማይችል ወንድም ብሎ በራስ ስም መግዛትም እንደዚሁ። በኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ የመሣሪያ ወንጀል ግሪን ካርድ የያዘን ሰው ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ማሪዋና በሜሪላንድ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ተጠቃሚው መሣሪያ እንዳይዝ ተከልክሏል። ጫትን በተመለከተም ብዙዎች እንደዋዛ ያዩታል፤ በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመዘገበ ነው። ስለዚህ ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፣ ያልገባችሁን ጠይቁ።

ከሁሉ የሚከብደኝን ልናገር። በዚህ አገር በመሣሪያ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የራሳቸውን ሕይወት የሚያጠፉ ናቸው። ችግርን ለሰው ማውራት እንደ ነውር በሚታይበት ማኅበረሰባችን ይህን ቁጥር የሌላ ሰው ጉዳይ አድርገን ልናልፈው አንችልም። ትዳሩ የፈረሰ፣ ሥራው የታጠፈ፣ ብቻውን የሚኖር ወንድም ሲኖር፣ በራሱ ፈቃድ መሣሪያውን ለጊዜው ከቤቱ ለማራቅ ሕጋዊውን መንገድ ከባለሙያ ጠይቀን እናግዘው፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለሚያስጨንቀው ሰው እርዳታ በሚሰጠው የስልክ መስመር፣ በ988 ላይ መደወል እንደሚቻልም እንንገረው። ሜሪላንድ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ መሣሪያን ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ እጅ እንዳይገባ አድርጎ ማስቀመጥን ግዴታ አድርጋለች። ሕጉ ባይኖርም ልጅ ያለው ቤት ካዝና ሊኖረው ይገባል።

በዩቫልዲ፣ ቴክሳስ፣ በግንቦት 2022 አሥራ ዘጠኝ ሕፃናትና ሁለት መምህራን ተገድለዋል። ልጆቻቸውን በዚህ መንገድ ያጡ ወላጆች መሣሪያ ይታገድ ሲሉ ጠላት አንላቸውም፤ ሐዘናቸው ሐዘናችን ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን ፖሊሶች ገዳዩን ሳይገጥሙ 77 ደቂቃ ቆይተዋል። በ1981ም የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፖሊስ ለእያንዳንዱ ግለሰብ ጥበቃ የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ እንደሌለበት ወስኗል። ፖሊስን የምናከብር ሰዎች ነን፤ ሆኖም ጥበቃው ለእኔ እንዲደርስ የሚያስገድደው ሕግ ከሌለ፣ ራሴን የምጠብቅበትን ከእጄ መውሰድ ፍትሕ አይሆንም።

ስለ ወቅቱ ፖለቲካ የምለው አጭር ነው። አብዛኞቻችን ሪፐብሊካንን እንመርጣለን፤ የአሁኑ አስተዳደር በየካቲት 2025 የዚህን መብት ጉዳይ የሚመረምር ትእዛዝ ማውጣቱንም በደስታ ተቀብለናል። ነገር ግን ታማኝነታችን ለሕገ መንግሥቱ ነው። በ1967 በካሊፎርኒያ ጥቁር ታጋዮች መሣሪያ በግልጽ መያዝ ሲጀምሩ ክልከላውን የፈረሙት አገረ ገዥ ሮናልድ ሬገን ነበሩ። ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በፍጥነት እንዲተኩስ የሚያደርገውን፣ ባምፕ ስቶክ የተባለውን መገጣጠሚያ ምክር ቤቱ ሳይደነግግ በመመሪያ ያገደውም በ2018 የመጀመሪያው የትራምፕ አስተዳደር ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ሽሮታል። የእኛ ወገን ሲያጠፋ ዝም የምንል ከሆነ ሌላው ወገን የሚሰማን ለምንድን ነው? በ2025 በሚኒሶታ የዴሞክራቷ የሕዝብ እንደራሴ ሜሊሳ ሆርትማን፣ በዩታም ወግ አጥባቂው ቻርሊ ከርክ ተገድለዋል። ማኅበራችን ሁለቱንም ግድያዎች በእኩል ድምፅ ያወግዛል፤ በፖለቲካ ልዩነት መግደልን በቀልድ እንኳ የሚያወድስ ሰው በመካከላችን ቦታ የለውም።

የዚህ ዓመት ሥራችን የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች በሚቀመጡባቸው በአናፖሊስና በሪችመንድ ነው። ቨርጂኒያ በ2020 በወር ከአንድ ሽጉጥ በላይ መግዛትን የሚከለክለውን ሕግ ጨምሮ በርካታ ገደቦችን አወጣች። ከዚያ በኋላ አገረ ገዥ ያንግኪን በ2024ና በ2025 የጠመንጃ እገዳዎችን ረቂቅ ሕግ በመሻር (በቬቶ) ሥልጣናቸው አቁመዋል። በኅዳር 2025 ምርጫ ሥልጣኑ ወደ ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር በመተላለፉ ያ መከታ ተነሥቷል። ሁለቱም ምክር ቤቶች ጉባኤያቸውን የሚጀምሩት በጥር ሁለተኛ ረቡዕ፣ በአንድ ቀን ስለሆነ በሁለት ቡድን መከፈል ይኖርብናል። በሜሪላንድ ኮሚቴ ፊት ለመናገር አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ንግግሩም በጥቂት ደቂቃ የተወሰነ ነው። እንደራሴዎቹ የእኛን ባለሱቆችና ሾፌሮች ቃል ከራሳቸው አንደበት እንዲሰሙ እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛው የሚከብደው አባል ቃሉን በጽሑፍ እንዲያስገባ ወጣቶቻችን ያግዙታል።

ስለዚህ በአጀንዳው የመጀመሪያው ጉዳይ የሁለቱ ቡድኖች ምርጫ ሲሆን፣ ቀጥሎ የመሣሪያ አያያዝ ትምህርትን በአማርኛ ለመስጠት የቀረበው የበጀት ጥያቄ ይታያል። ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ፤ ጸሐፊያችን የሥራ ሪፖርታቸውን እንዲያቀርቡም በአክብሮት እጋብዛለሁ።