ቁልፍ የነጠቀውና ደንብ የለወጠው

አካም ኦልታኒ! እንዴት ዋላችሁ የጅማ ሰዎች።

ስለ አፍሪካ ቀን ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ 32 አገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ያኔ ጎረቤት ቤት ደም ቢፈስም «የውስጥ ጉዳይ ነው» ይባል ነበር። በ2002 ደርባን ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሲተካው ግን ዘር ሲጠፋ ጣልቃ እገባለሁ፣ ሥልጣን በጉልበት የያዘንም አግዳለሁ አለ። ጥሩ።

አሁን ወደ እድራችን ልውሰዳችሁ። ያ ጎረምሳ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ነጥቆ «ከዛሬ ጀምሮ ድንኳኑ በኔ እጅ ነው» ያለ ቀን ትዝ ይላችኋል? ሳይመሽ ከመዝገብ ሰረዝነው። በኋላ የሊቀመንበራችን ሁለተኛ ዘመን አለቀ። ደንቡ ሦስተኛ አይፈቅድም። አንድ ዝናባማ እሁድ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ፣ ጸሐፊው «በአባላት ጥያቄ» ብሎ ማሻሻያ አነበበ። እኛስ? እጃችንን አወጣን። እኔም አውጥቻለሁ፣ በአንድ እጄ ስኒ ይዤ! ድንኳኑ ከዚያ ወዲህ ተቀዶ፣ የሰው እናት ስንቀብር ዝናቡ ንፍሮው ላይ ሲወርድ ማን ይጠይቅ?

ኅብረቱም እንደኛው ነው። በ2007 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የዴሞክራሲ ቻርተር አንቀጽ 23 መፈንቅለ መንግሥትን ይከለክላል። ዝቅ ብሎ እዚያው አንቀጽ ላይ፣ የሥልጣን ሽግግርን ለማደናቀፍ ሕገ መንግሥት መለወጥንም ይከለክላል። እኩል ነው የተጻፉት! ጊኒን እዩ። ፕሬዚዳንት የነበሩት አልፋ ኮንዴ በ2020 ሕገ መንግሥቱን አስለወጡ፣ በዚያው ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጡ። ኅብረቱ አላገዳቸውም። በ2021 ወታደር ሲገለብጣቸው ግን ጊኒ በሳምንት ውስጥ ታገደች። ቁልፍ ለነጠቀ ቅጣት፣ ደንብ ለለወጠ ወንበር! ወታደሩን ይቅጡት፣ ማን ጠላ? ግን ለወታደሩ በሩን የከፈተለትስ? እሱ በየጉባኤው ከፊት ተቀምጦ ስለ ዴሞክራሲ ሲናገር እናጨበጭባለን እንዴ?

ስለ ሶማሊያው ሰላም ማስከበርም፣ ስለ በጀቱም መናገር ነበረብኝ። ሰዓቴ አለቀ መሰለኝ፣ ያ ልጅ እያየኝ ነው።

ሊቀመንበራችን ከፊት አሉ፣ እየሳቁ ነው። ጋሼ፣ እሁድ ስብሰባ አለን አይደል? የድሮውን ደንብ ኮፒ ይዤ እመጣለሁ።